ጎማው ፓራፋንጎ ሲነካ ጠንካራ ሞላ መፍትሔ ይሆናል?

ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ቶሎ ከሚቀይራቸው ነገሮች አንዱ ጎማ ነው። ኮብልስቶኑ፣ የሰፈር ውስጥ ፒስታው፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታው ዝቅ ያለች መኪናን ሆዷን ይፍቃታል። ስለዚህ ብዙ ሰው አንድ ደረጃ ተለቅ ያለ ጎማ ያስገባል። መኪናዋ ባዶዋን ከተማ ውስጥ ስትሄድ ምንም አይሰማም። ሦስት ሰው ከኋላ ተቀምጦ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ተጭኖ ከአዴት ስትመለስ ግን ጉብታ ባለፈች ቁጥር ከኋላ «ግርር» ይላል። ጎማው ፓራፋንጎውን፣ ማለትም ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን የመኪናውን አካል፣ እየፋቀው ነው።

ጋራዥ ሲኬድ ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ጠንከር ያለ ሞላ ይግባላት» ነው። አንዳንዴ ትክክል ነው። አንዳንዴ ደግሞ ገንዘቡ ይወጣል፣ መኪናዋ ደርቃ ታንገጫግጫለች፣ ጎማውም መንካቱን ይቀጥላል። ይህን አስቀድሞ ለመለየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

መጀመሪያ፣ የሞላ ሥራ ምንድን ነው?

ሞላ የመኪናውን ክብደት የሚሸከም ጥምዝ ብረት ነው። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ላይ በእያንዳንዱ ጎማ አጠገብ አንድ አለ። ብዙ ፒክአፖችና የጭነት መኪኖች ከኋላ ባሌስትራ አላቸው። ባሌስትራም ሥራው ያው ነው፤ ቅርፁ ግን ተደራርቦ የታሰረ ጠፍጣፋ ብረት ነው።

አሞርዛተር፣ አንዳንዱ ሾክ አብዞርበር የሚለው፣ ከሞላ የተለየ ነገር ነው። የመኪናውን ክብደት አይሸከምም። ሞላው ተጨምቆ ሲለቀቅ መኪናው ደጋግሞ እንዳይዘል የሚያበርደው እሱ ነው። መኪና ከኋላ ዝቅ ሲል «አሞርዛተሩ አልቋል» ተብሎ ይቀየራል። የተለመደው አሞርዛተር ግን አዲስ ቢሆንም ይህ ነው የሚባል ከፍታ አይጨምርም።

ሦስተኛው ክፍል ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። ጎማው ከልክ በላይ ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚያስቆም ላስቲክ አለ። በብዙ መኪኖች ላይ አሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ተሰክቶ ይገኛል። እዚህ ማቆሚያ ላስቲክ እንበለው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ መልኩም አያምርም። ለዚህ ችግር ግን ከሞላው ይልቅ ወሳኙ እሱ ነው። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሞላ «ጠንካራ» ወይም «ለስላሳ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ጣና ዳር ወርዶ የደንገል ታንኳ መመልከት ይበቃል። እንጨት ሲጫንበት ታንኳው ወደ ውኃው ዝቅ ይላል። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን የሚወርደውም እጥፍ ገደማ ነው። ሰፋ ያለ ታንኳ ግን ለዚያው ጭነት ትንሽ ብቻ ይወርዳል። ሞላም እንደዚያው ነው። ጥንካሬው የሚለካው አንድ ሚሊሜትር ለመጨመቅ ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ ነው።

ውኃ የጠጣ አሮጌ ታንኳ ደግሞ ሳይጫንም ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ያረጀ ሞላም እንዲህ ነው። ለዓመታት ሲሸከም ቁመቱ ያጥራል እንጂ ብረቱ አይለሰልስም። መቶ ኪሎ ቢጨመርበት የሚወርደው ያው የድሮውን ያህል ነው። መነሻው ዝቅ ስላለ ግን ጎማው ቶሎ ይነካል። ስለዚህ «ሞላው ለስልሷል፣ ጠንካራ ይቀየርለት» በተባለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው የራሱ የመኪናው ዓይነት አዲስ ሞላ ነው።

ጠንካራ ሞላ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል?

ሁልጊዜ አያደርገውም። ጥንካሬና ቁመት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ግራ የሚያጋባውም ይሄ ስለሆነ በቁጥር እንየው።

አንድ የኋላ ጎማ ላይ 300 ኪሎ አርፏል እንበል። ሒሳቡን ለማቅለል ሞላው በቀጥታ ጎማው ላይ እንዳለ እንቁጠረው። ሞላው ለአንድ ሚሊሜትር 2.5 ኪሎ የሚፈልግ ከሆነ 300 ኪሎው 120 ሚሊሜትር ይጨምቀዋል። አሁን በ50 በመቶ የጠነከረ፣ ማለትም ለአንድ ሚሊሜትር 3.75 ኪሎ የሚፈልግ ሞላ እናስገባ። ያው 300 ኪሎ ይህኛውን የሚጨምቀው 80 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሁለቱ ሞላዎች ሳይገጠሙ ቁመታቸው እኩል ከነበረ መኪናው 40 ሚሊሜትር ተነሣ ማለት ነው።

አዲሱ ሞላ ሳይገጠም በ40 ሚሊሜትር የሚያጥር ከሆነስ? የመኪናው ከፍታ ምንም አይቀየርም። ከዚያ በላይ ካጠረ ደግሞ መኪናው ጭራሽ ዝቅ ይላል። ለመልክና ለፍጥነት ተብለው የሚሸጡት «ስፖርት» ሞላዎች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው፤ ጠንካራም ናቸው፣ አጭርም ናቸው። «ጠንካራ ነው» የሚለውን ብቻ ሰምቶ እነሱን የገዛ ሰው ጎማውን ወደ ፓራፋንጎው ያስጠጋዋል።

አሁን ጭነት እንጨምር። በዚያው ጎማ ላይ ተጨማሪ 100 ኪሎ ሲያርፍ የመጀመሪያው ሞላ 40 ሚሊሜትር ይወርዳል። ጠንካራው የሚወርደው 27 ገደማ ነው። ያተረፍነው 13 ሚሊሜትር ነው፤ የትንሿ ጣት ውፍረት ያህል። ጎማውና ፓራፋንጎው የሚገናኙት በዚያች ክፍተት ምክንያት ከሆነ ችግሩ ይቀላችኋል። ችግሩ ሌላ ቦታ ከሆነ ግን ሞላው ምንም አይረዳም።

ጎማው የሚነካው የት ነው? መቼስ?

ብር ከማውጣት በፊት የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። ማንም ሰው በራሱ ሊሠራው ይችላል።

ክረምት ላይ ቀላል ነው። የጎማው ቤት ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ጭቃ ይለብሳል። ጎማው በሚነካበት ቦታ ላይ ጭቃው ተጠርጎ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ጭረት ይታያል። በበጋ ደግሞ የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ጠመኔ ቀቡት። መኪናውን እንደወትሮው ጭናችሁ ትንሽ ንዱ። ጠመኔው የጠፋበት ቦታ መልሱን ይዟል። የጎማውን ጎንም በእጃችሁ ዳብሱ። ዙሪያውን የተፋቀ ቀለበት ካለ ጣት ላይ ይታወቃል።

ምልክቱ ከላይ፣ ከጎማው ቤት ጣሪያ ወይም ከፓራፋንጎው የውጭ ጠርዝ ላይ ከሆነ ጎማው የሚነካው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ምክንያቱ ጉብታ፣ ጉድጓድ ወይም ጭነት ነው። እዚህ ላይ ሞላ ድርሻ አለው።

ምልክቱ ከፊት ጎማዎች ቤት ፊትና ኋላ ወይም ከውስጥ በኩል ከሆነ የሚነካው መሪው ሲዞር ነው። ለማረጋገጥ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ በዝግታ ወደፊትና ወደኋላ ሂዱ። ያለ ምንም ጉብታ እዚያው ከፋቀ ጥፋቱ ያለው ጎማው ወይም ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ላይ ነው። ጠንካራ ሞላ እዚህ ምንም አይፈይድም፤ ምክንያቱም ሞላ የሚሠራው ወደ ላይና ወደ ታች ነው፣ ጎማው የሚነካው ደግሞ ወደ ጎን ነው።

ሁለቱ የሚቀላቀሉበትም ጊዜ አለ። ከአዲስ ዘመን በኋላ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ዳገትና ጥምዝምዝ ይበዛበታል። የተጫነ መኪና ሲታጠፍ ወደ ውጭ ያጋድላል። የውጭው ጎማ ወደ ፓራፋንጎው ይገባል። በዚያ ላይ ጉድጓድ ሲጨመር ይነካል። እዚህ ጠንካራ ሞላ ማጋደሉን ስለሚቀንስ በከፊል ይረዳል።

የፎገራን ሜዳ ክረምት ላይ የሚያቋርጥ ሰው ደግሞ ሌላ ነገርም ይይ። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ጎማ ቤት ውስጥ ተለጥፎ ይደርቅና ክፍተቱን ይበላዋል። መጀመሪያ በደንብ አሳጥቡ። ማሰሪያው የወለቀ የጎማ ቤት ፕላስቲክም ጎማ ላይ እየወደቀ ያንኑ ድምፅ ያወጣል። ይህ በጥቂት ብር የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ድምፁን ብቻ ለምዶ መኖር ግን አይቻልም። የጎማ ጎን መሬት ከሚረግጠው ክፍል በጣም ይሳሳል። ውስጡም ጎማውን የሚያጠነክሩ ክሮች አሉ። የፓራፋንጎ ጠርዝ ያን ቦታ ደጋግሞ ሲከረክመው ክሮቹ ይበጠሳሉ። ከዚያ በኋላ ጎማው የሚፈነዳው ደጅ ላይ በቆመበት ሳይሆን ተጭኖ፣ ሞቆ፣ በፍጥነት ሲሄድ ነው። የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሽቦም የሚያልፉት በዚያው በጎማ ቤት ውስጥ ነው። ጎማው እነሱን መንካት ከጀመረ ዛሬውኑ መኪናውን አቁሙ።

ታዲያ ጠንካራ ሞላ መንካቱን ያስቆመዋል?

ያሳንሰዋል እንጂ አያስቆመውም።

በፍጥነት ትልቅ ጉድጓድ ሲመታ ጎማው እስከ ማቆሚያ ላስቲኩ ድረስ ሊወጣ ይችላል። ሞላው ለስላሳ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይደርሳል፣ ጠንካራ ከሆነ አልፎ አልፎ ይደርሳል። የመጨረሻውን ገደብ የሚያስቀምጠው ግን ሞላው ሳይሆን ላስቲኩ ነው። ጎማው ላስቲኩ ጋር ደርሶ በቆመበት ቦታ ፓራፋንጎውን የሚነካ ከሆነ፣ የትኛውንም ሞላ ብታስገቡ አንድ ቀን መንካቱ አይቀርም። ያ ቀን ደግሞ መኪናው የተጫነበትና መንገዱ የከፋበት ቀን ነው።

ፋብሪካው መኪናውን ሲሠራ ጎማው እስከ ላስቲኩ ወጥቶም ምንም እንዳይነካ ለክቶ ነው፤ በራሱ ጎማና በራሱ ቸርኬ። ስለዚህ ኦሪጅናል መጠን ያለው ጎማ ያደረገ መኪና ከነካ ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ማቆሚያ ላስቲኩ ፈርሶ ወድቆ ይሆናል። ሞላው አጥሮ ወይም ተሰብሮ ይሆናል። ሞላ ሲሰበር ብዙውን ጊዜ ጫፉ ላይ ያለው ጥምዝ ስለሆነ፣ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በባትሪ ካልታየ ስብራቱ ያመልጣል። ቦኮላ፣ ማለትም የመገጣጠሚያው ላስቲክ፣ አልቆ ጎማው ቦታውን ለቆም ሊሆን ይችላል። መኪናው ከዚህ በፊት ተጋጭቶ ፓራፋንጎው ወደ ውስጥ የገባም አለ። እነዚህ ሁሉ እያሉ ጠንካራ ሞላ ማስገባት ጉዳቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያክመውም።

ጠንካራ ሞላ በእውነት የሚገባው ሁልጊዜ ለሚጫን መኪና ነው። ጎማው ትክክለኛ መጠን ነው፤ የተበላሸ ነገር የለም፤ ባዶውን አይነካም፤ ሲጫን ብቻ ይነካል፤ ጭነቱም የየቀን ሥራው ነው። ፖርቶ መጋላው ላይ ዕቃ የማይጠፋ፣ በሳምንት ብዙ ቀን ገጠር የሚመላለስ መኪና ሲሆን ጠንካራ የኋላ ሞላ ጥሩ ምርጫ ነው። ለዓመት በዓል ብቻ ሰውና በግ ለሚጭን ሰው ግን አልመክርም። ጭነቱን ቀነስ፣ ፍጥነቱን ረገብ ማድረግ ይሻለዋል።

ጎማውን ማሳነስስ?

ከሞላ በፊት መታየት ያለበት ይሄ ነው። ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። 195/65/15 ቢል የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። ሦስተኛው የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። የዚህ ጎማ ሙሉ ቁመት 634 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። አንድ ደረጃ የሚተልቀው 205/65/15 ደግሞ 647 ገደማ ነው።

ልዩነቱ 13 ሚሊሜትር ነው። ከመሃሉ ወደ ታች ሲቆጠር ግን ግማሹ፣ 6.5 ብቻ ነው። ማለትም ትልቁን ጎማ ስታስገቡ መኪናው ከመሬት የተነሣው 6.5 ሚሊሜትር ነው። ከፓራፋንጎው ጋር ካለው ክፍተት ላይም ያንኑ ያህል ተበልቷል። በስፋትም 10 ሚሊሜትር ጨምሯል፣ በየጎኑ 5። የፍጥነት መለኪያውም በ2 በመቶ ገደማ ያሳንሳል። ለዚህች ጥቅም ሞላ መቀየር ድረስ መሄድ አዋጭ አይመስለኝም። የመኪናው ትክክለኛ የጎማ መጠን በአብዛኛው የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ምልክት ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሰልቫጅ ጎማ ስትገዙ ጎሚስታው «ይሄም ይሆናል» ቢላችሁም እሱን አስቀድማችሁ አንብቡ።

ቸርኬም እንዲሁ ነው። ብዙ ቸርኬዎች ጀርባቸው ላይ «ኢቲ» (ET) የሚል ምልክትና ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ ቸርኬው ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ በሚሊሜትር ያሳያል። የመኪናው 45 ሆኖ እናንተ 35 ከገዛችሁ ጎማው በ10 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ወጣ ማለት ነው። ቀጥታ የፓራፋንጎው ጠርዝ ሥር ገባ። ስፔሰር፣ ማለትም ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ማራቂያ ብረት፣ ማስገባትም የሚያመጣው ያንኑ ነው። ስፔሰር ገብቶ ከነበረ ሌላ ነገር ከመሞከራችሁ በፊት አስወጡት።

ጠንካራ ሞላ ምን ያስከፍላል?

መጀመሪያ የሚታወቀው ድርቀቱ ነው። ሞላው በ50 በመቶ ሲጠነክር መኪናው የሚናጥበት ፍጥነት በ22 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ኮብልስቶን ላይ ወገብ ያውቀዋል።

ከምቾቱ በላይ የሚያሳስበኝ ጎማው መሬቱን መያዙ ነው። ሻካራ ፒስታ ላይ ጎማ መሬቱን ተከትሎ መውጣትና መውረድ አለበት። ሞላው ከልክ በላይ ከጠነከረ ጎማው ይዘላል። የሚዘል ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም፣ መሪም አይሰማም። ከኋላ ብቻ በጣም የጠነከረ ሞላ ከገባ ባዶው መኪና እርጥብ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ ጀርባው ሊሸሽ ይችላል።

አሞርዛተሩም ይለፋል። እሱ የተሠራው የድሮውን ሞላ ለማብረድ ነው። ጠንካራው ሞላ ሲለቀቅ የሚገፋበትን ኃይል መያዝ ካቃተው መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ ይነሣል፣ ይወድቃል። ትንሽ የጠነከረ ሞላ ላይ ጤነኛ አሞርዛተር ይበቃል። ብዙ ከጠነከረ ግን አሞርዛተሩም አብሮ መቀየር አለበት፤ ወጪው ሁለት እጥፍ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ይሰመርበት። ጠንካራ ሞላ መኪናው የመሸከም አቅሙን አያሳድገውም። ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ኩሽኔታው ያው የድሮዎቹ ናቸው። መኪናው ስላልወረደ ብቻ ሌላ ኩንታል መጨመር አደገኛ ነው።

ሞላውን መቁረጥ ወይም ላስቲክ መሸጎጥስ?

ሞላ ሲቆረጥ የቀረው ክፍል ይጠነክራል፤ ጥምዞቹ ሲያንሱ ይህ ይሆናል። ግን ያጥራልም፣ መኪናውም ይወርዳል። የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ በደንብ ስለማይገጥም ጎማው በአየር ላይ ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በእሳት አሙቆ ማሳጠር ወይም መሳብ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ነው። በጋዝ እሳት ሲሞቅ ያ ጥንካሬ ይጠፋል። ሞላው ቶሎ ያጥራል ወይም ይሰበራል።

ጥምዞቹ መሃል ላስቲክ የሚሸጉጡም አሉ። መኪናው ትንሽ ከፍ ይላል። ላስቲኩ የገባበት ጥምዝ ግን መሥራት ያቆምና ሥራው በሌሎቹ ላይ ይወድቃል። ለአንድ አስቸኳይ ጉዞ ካልሆነ ቋሚ መፍትሔ አድርጌ አላየውም።

ልግዛ ካላችሁ ምን ትጠይቃላችሁ?

«ጠንካራ አለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የመኪናችሁን ሞዴልና ዓመተ ምርት ተናግራችሁ ለከባድ ጭነት የተሠራውን ዓይነት ጠይቁ። ከኦሪጅናሉ ስንት በመቶ እንደሚጠነክርና መኪናውን በስንት ሚሊሜትር እንደሚያነሣ ጠይቁ። ለእኔ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያለው ለተጫነ የቤት መኪና በቂ ነው። አንዳንዴ ብቻ ለሚጫን መኪና ደግሞ ጥምዞቹ በአንድ ጫፍ ጠበብ፣ በሌላው ሰፋ ያሉ ሞላዎች አሉ። እነዚህ ባዶውን ለስለስ ብለው፣ ጭነት ሲበዛ ይጠነክራሉ። ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።

ሻጩ የሚያውቀው ነገር ከሌለ የብረቱን ውፍረት በካሊፐር አስለኩ። ዓይን እዚህ ይሳሳታል። ጥምዙም ሌላውም ነገር ሁሉ እኩል ሆኖ ብረቱ ከ12 ወደ 13 ሚሊሜትር ቢወፍር ብቻ ጥንካሬው በ38 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሞላው ላይ የተቀባችውን ትንሽ የቀለም መስመርም እዩ። ፋብሪካዎች የሞላውን ዓይነት የሚለዩት በእሷ ነው። የግራው ቢጫ፣ የቀኙ ሰማያዊ ከሆነ ሁለቱ ጥንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ሞላ ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየራል፤ ግራና ቀኝ አንድ ላይ። ማቆሚያ ላስቲኩም በዚያው አጋጣሚ አዲስ ይግባ፤ ተከፍቶ ሳለ ተጨማሪ የእጅ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። ሥራውን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። የተጨመቀ ሞላ አፈትልኮ ሲወጣ ሰው ይገድላል፤ ማጥበቂያ መሣሪያው ያለው ጋራዥ ይሥራው።

ከገጠማችሁ በኋላ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ አስደርጉ። የመኪናው ከፍታ ከተቀየረ የፊት መብራቱም ይስተካከል፤ ካልሆነ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። ከዚያ እንደ መጀመሪያው ጠመኔውን ቀብታችሁ፣ የተለመደውን ጭነት ጭናችሁ፣ ያቺኑ ጉብታ በዝግታ እለፉ። ጠመኔው አሁንም ከተጠረገ ሩቅ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ጎማውና ወደ ቸርኬው ቁጥር ተመለሱ።